በጆጉ ጆሮ ላይ ያለች ስርጉድ

ሃዘልፎርድ፣ ኦሃዮ
ሴፕቴምበር 14 ቀን 1987

ለተከበርሽው ለሲግሪድ ሎፍግሬን፣

ለጤናሽ እንደምን ነሽ? እኔ ጉልበቴንና ጆሮዬን ካልቆጠርናቸው በጣም ደህና ነኝ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት አለፈው፤ ይቅርታ። መጀመሪያ መነጽሬ ጠፋ፤ መነጽሬ ሲገኝ ደግሞ ደብዳቤው ጠፋ። ዛሬ ሁለቱም ጠረጴዛዬ ላይ ስለተገናኙ ሳይለያዩ ቶሎ ልጻፍልሽ ብዬ ነው። ጽሕፈቴ ካስቸገረሽም ይቅር በይኝ። እስክሪብቶ ከጣቴ እያመለጠኝ ስላስቸገረኝ የምጽፈው በወፍራም የአናጢ እርሳስ ነው።

አዎ፣ የምትፈልጊያት ኦፓል ብራድሾ እኔው ነኝ። በሃዘልፎርድ ሸክላ ፋብሪካ ሠላሳ አንድ ዓመት ጆሮ ለጥፌአለሁ፤ የስኒ ጆሮ፣ የጆግ ጆሮ፣ የሾርባ ሳህን ጆሮ። ጭቃው ሳይደርቅ ጆሮውን በቀጠነ ጭቃ ነክረሽ፣ ቦታው ላይ አስቀምጠሽ፣ በአውራ ጣትሽ ጫን ማድረግ ነው። ሥራው ይኸው ነው። በቀን ስድስት መቶ ጊዜ ስትሠሪው ግን ይህን ያህል ቀላል አይደለም።

አባትሽን አውቀው እንደነበር ጠይቀሻል። ማን የማያውቀው! ማክሰኞ ማክሰኞ ከክሊቭላንድ በባቡር ይመጣ ነበር፤ ክራቫቱን አስሮ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ። ያኔ በነደፋቸው ሬዲዮኖችና የባቡር ወንበሮች ስሙ የገነነ ሰው ስለነበር ከአለቆቹ ጋር ምሳውን የሚበላ መስሎን ነበር። እሱ ግን መጥቶ እኛ አግዳሚ ላይ፣ ጭቃችን ውስጥ ተቀመጠ። ብዙ አያወራም። እጅ እጃችንን ነበር የሚያየው። «እስቲ ይህን ያንሱት። አሁን ያስቀምጡት። አሁን ሞልተው ያንሱት» ይለን ነበር። አሱንታ የምትባለው ጓደኛዬ በመጀመሪያው ቀን «ሰውየው ቀለበት ሊያስርልን ነው እንዴ እጃችንን እንዲህ የሚያየው?» ብላ በአደባባይ ተናገረች። ሰማት። እስከ ማጅራቱ ድረስ ቀላ፤ ማየቱን ግን አልተወም።

እሱ ስለነደፈው፣ «ሜዳ» ስለሚባለው የሳህንና የጆግ ዓይነት ሰዉ ምን ይል እንደነበር ላልሽኝ ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ፤ ስቀንበታል። እሱ እስኪመጣ ድረስ ሥራችን ሁሉ ጽጌረዳና የወርቅ ጠርዝ ነበር። እሱ አበባ የለው፣ ወርቅ የለው፣ ክብ ብሎ ጎበጥ ያለ፣ የሰናፍጭና የጠጠር ቀለም የተቀባ ዕቃ ይዞ መጣ። ካቦአችን ሚስተር ክራውዘር አንዱን ሳህን አንስቶ «ይህ የሆስፒታል ዕቃ ነው፤ ያልታመመ ሰው አይበላበትም» አለ። በሁለተኛው ዓመት ግን በዚህ አገር ያገባ ሁሉ በእሱ ይበላ ነበር። ክራውዘርም ለልጁ ሠርግ ሙሉውን ገዛ። አባትሽ እንዲህ ይል ነበር፦ «ሠራተኛ ለሌለው ቤት ነው የምሠራው። ያበሰለችው ሴት ራሷ ከምድጃ አውጥታ፣ ራሷ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ፣ ራሷ የምታጥበው ዕቃ ነው። እንግዲህ ለእጇ እንዲመቻት ይሁን።» እንዲህ ያለ ነገር የነገረን ሌላ ባለ ክራቫት አልነበረም።

ሦስተኛውን ጥያቄሽን፣ ስለ ጆጉ ጆሮ ያልሽውን፣ አላስታውስም። ዕድሜ ነው፤ ብዙ ነገር ይዞብኝ ሄዷል።

አክባሪሽ፣
ኦፓል ብራድሾ

ወይዘሮ ብራድሾ አትበይኝ። የካቦው ሚስት የሆንኩ ይመስለኛል።


ቺካጎ
ሴፕቴምበር 29 ቀን 1987

ውድ እትዬ ኦፓል፣

እንዳዘዙኝ ወይዘሮነቱን ትቼዋለሁ። ስለ ደብዳቤዎ እንዴት እንደማመሰግንዎ አላውቅም። አባቴ ከሞተ ስምንት ዓመት ሆኖታል፤ በእነዚህ ዓመታት ስለ እሱ የነገረኝ ሰው ሁሉ ስለ ሥራው ነው የነገረኝ። እስከ ማጅራቱ እንደሚቀላ የነገረኝ ማንም የለም። ያን ቦታ ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

በልጅነቴ ማክሰኞን አልወድም ነበር። አባቴ የሚጠፋበት ቀን ስለሆነ ለእኔ ለብቻው የተረገመ ቀን ነበር። ማክሰኞ የእናንተ እንደነበረ አሁን አወቅሁ፤ ብዙም አልከፋኝም።

ለምን እንደምጠይቅዎ በመጀመሪያው ደብዳቤዬ በትክክል አላስረዳሁም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እዚህ ያለው ሙዚየም በኤፕሪል ወር የአባቴን ሥራዎች ለሕዝብ ሊያሳይ ነው፤ የኤግዚቢሽኑን መጽሐፍ የምጽፈው እኔ ነኝ። ከሁሉም ሥራው የሚወደደው የ«ሜዳ» ጆግ ነው፤ ከጆጉም በጆሮው አናት ላይ ያለችው ስርጉድ። ሰው ሲያነሳው አውራ ጣቱ ሳያስበው እዚያ ያርፋል። ስለዚያች ስርጉድ ብቻ ዐሥራ አራት ገጽ የጻፉ ሊቅ አሉ። የአባቴ ረቂቅ አእምሮ ማረጋገጫ ናት ይላሉ።

በኦገስት የአባቴን ንድፎች ሳገላብጥ የጆጉን ንድፍ አገኘሁት። በስርጉዷ አጠገብ በራሱ እጅ ጽፎበታል፦ «ይህች የእኔ አይደለችም። የጆሮ ለጣፊዎቹ ናት።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፌ ጥሩ አይደለም። አባቴ የሌላ ሰው ሐሳብ ወስዶ ዕድሜውን ሙሉ ሲመሰገንበት ኖሮ ከሆነ ማወቅ አለብኝ። መጽሐፉ በጃንዋሪ 20 ማተሚያ ቤት ይገባል። በስሜ የሚወጣ መጽሐፍ ላይ ውሸት መጻፍ አልፈልግም፤ የአባቴንም ስም ሳላውቅ ማጉደፍ አልፈልግም። እርስዎ ካላስታወሱ የምጠይቀው ሌላ ሰው የለኝም።

በታላቅ አክብሮት፣
ሲግሪድ


ሃዘልፎርድ
ኦክቶበር 18 ቀን 1987

ልጄ ሲግሪድ፣

እንዴት ሰንብተሻል? ስለላክሽልኝ የአባትሽ ፎቶግራፍ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባርኔጣውን በጉልበቱ ላይ እንደያዘ ነው፤ እኛም ጋ እንዲሁ ነበር የሚይዘው፤ ጭቃ እንዳይነካው። ፎቶውን መስኮቴ ላይ አቁሜዋለሁ።

አባትሽ ሌባ አይደለም። ይህን አስቀድሜ ልጻፍልሽና ዛሬውኑ ተኚ።

የቀረውን ለመንገር ደንባችንን ማወቅ አለብሽ። በእኛ አግዳሚ ላይ ዘጠኝ ሴቶች ነበርን። ሳምንት ሙሉ የለጠፍነው ከእቶን ሲወጣ ሰኞ ጠዋት ይታያል። ከሁሉ የከፋው ጥፋት የማን እንደሆነ ከታወቀ ያ ዕቃ አይሰበርም። ያጠፋችው ሴት በዚያው ዕቃ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ምሳ ላይ ለሁላችን ትቀዳለች። ስኒ ከሆነ በስኒ፣ ጆግ ከሆነ በጆግ፤ ለሻያችን ወተት ትቀዳለች፣ ቆማ። የሁሉም ስኒ ሳይሞላ አትቀመጥም። እስክትቀመጥ ድረስም ምላሳችንን አንሰበስብም። «እመቤቴ፣ እጅሽ ነው ወይስ እግርሽ ነው ይህን የለጠፈው?» «ኧረ ተዉአት፣ ዓይኗን ጨፍና ነው የሠራችው፤ በፍቅር ይዟታል!» የሚሉት ነገር አያልቅም። ደንቡን አያቶቻችን ከእንግሊዝ አገር ሸክላ ቤቶች ይዘውት መጡ ይባላል። ማን እንዳመጣው አላውቅም፤ የሳምንቱ ቀጂ መሆን ግን የመረረ ነገር ነው።

በሃምሳ ዓመተ ምሕረት፣ ገና በማርች ብርድ፣ አንድ የ«ሜዳ» ጆግ ጆሮው አናት ላይ ጎድጉዶ ከእቶን ወጣ። አንዷ ስትለጥፈው ከመጠን በላይ ተጭናዋለች። ስለዚህ በዚያ ጆግ ስንቀዳበት ሰነበትን። አባትሽ በማክሰኞው መጣ። ቀጂዋ ጆጉን አስቀምጣ ወደ ወዲያኛው ጫፍ ስለሄደች ራሱ አንስቶ ስኒው ላይ ወተት ቀዳ። ከዚያ ቆመ። መለሰና እንደገና ቀዳ። ስኒው ሞልቶ ሱሪው ላይ እስኪፈስ አላወቀም። «ሚስተር ሎፍግሬን፣ ስኒው መች ሸሸብዎ!» አልነው። አልሰማንም። አውራ ጣቱን ነበር የሚያየው።

ከስድስት ሳምንት በኋላ ጆሮው የሚቀረጽበት አዲሱ ፎርማ መጣ። ስርጉዷ እዚያው ላይ ነበረች።

ያጠፋችው አሱንታ ናት። አሱንታ ቤሊኒ። ይህንኑ ጻፊ፤ ይበቃል።

የምትወድሽ፣
ኦፓል


ቺካጎ
ኖቬምበር 30 ቀን 1987

ውድ እትዬ ኦፓል፣

ሱሪው ላይ ወተት እንደፈሰሰ ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ወዲያውም አለቀስኩ። ያን ሱሪ አውቀዋለሁ መሰለኝ። እናቴ «ማክሰኞ ማክሰኞ የሚበላው እንደ ሕፃን ነው» እያለች ትነጫነጭ ነበር።

ጥሩ እንቅልፍ ተኝቻለሁ። እርስዎ ነዎት ያስተኙኝ።

የመጽሐፉን ገጽ ከዚህ ጋር ልኬልዎታለሁ። እንደሚያዩት «ስርጉዷ የጆሮ ለጣፊዋ የአሱንታ ቤሊኒ ናት» የሚል ገብቷል። ዐሥራ አራት ገጽ የጻፉት ሊቅ ደስ አላላቸውም፤ ይሁን። ወይዘሮ ቤሊኒ በሕይወት እንዳሉና እርስዎ ባሉበት የአረጋውያን ቤት እንደሚኖሩ በስልክ ሲነግሩኝ ደነገጥኩ። ከማተሜ በፊት አንብበው ይሁን እንዲሉኝ እፈልጋለሁ። እባክዎን ያሳዩልኝ።

አባቴ በመጨረሻዎቹ ዓመታት እንዴት እንደነበረ በዚያው ስልክ ጠይቀውኛል። እሱን ሌላ ጊዜ እጽፍልዎታለሁ። አሁን አልሆነልኝም፤ ይቅርታ።

ሲግሪድ


ሃዘልፎርድ
ዲሴምበር 12 ቀን 1987

ልጄ፣

ማተሚያ ቤቱን አስቁሚ። ገና ጃንዋሪ አልደረሰም፤ ይቻላል።

ገጹን ለአሱንታ አሳየኋት። በማጉያ መነጽር፣ ቃል በቃል፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበችው። ከዚያ መነጽሩን አስቀምጣ አውራ ጣቷን አፍንጫዬ ሥር ደገነችብኝ።

«ይህ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ጣትሽ ነው።»

«ስንት ያህላል?»

መነጽሬን ፍለጋ ኪሴን ዳሰስኩ።

«ሽምብራ ነው የሚያህለው! ያ ጆግ ላይ የተጫነው ጣት የማን እንደሆነ ማየት የፈለገ ይህን መጽሐፍ ይዞ መጥቶ እጅሽን አሳዪኝ ቢለኝ ምን ልበለው? እንደ ልብስ ታጥቦ አጠረ ልበለው?»

«አሱንታ፣ ክብሩን ነው እኮ የሰጠሁሽ።»

«የራስሽን ክብር ለእኔ ማን ስጪ አለሽ? አንድ ሳምንት ቆሜ ቀዳሁልሽ ኦፓል። ዕድሜ ልኬን አልቀዳልሽም። ለልጅቷ እውነቱን ጻፊላት።»

ይኸው ዘጠኝ ቀኗ ነው አታናግረኝም። ምሳ ላይም ከአረጋውያን ቤታችን መዘምራን ሴቶች ጋር መቀመጥ ጀምራለች። መዘምራኑን ደግሞ አትወድም፤ ስለዚህ ምን ያህል እንደተቆጣች ገምቺ።

ጣቱ የእኔ ነው።

በሃምሳ ዓመተ ምሕረት አውራ ጣቴ ደንዝዞ ነበር። ዐሥራ ሁለት ዓመት ስጫንበት ኖሬ አንድ ቀን ጠዋት ስነሳ የእኔ አልመሰለኝም። መርፌ ብትወጊው አይሰማኝም። ምን ያህል እንደተጫንኩ ስለማላውቅ እንዲሁ በግምት ነበር የምለጥፈው። ለማን እናገራለሁ? ባሌ ሃሮልድ የእቶን ሠራተኛ ነበር፤ ሳንባው በሸክላ ብናኝ ታፍኖ ቤት ከዋለ ሁለት ዓመቱ ነበር። ቤታችን የቆመው በዚያ ጣት ነው። ሚስተር ክራውዘር ደግሞ ሁለት ጊዜ ከኋላዬ ቆሞ እጄን ሲያይ አይቼዋለሁ። ሦስተኛው ጊዜ ቢመጣ መሰናበቴ ነበር።

ያ ጆግ ሰኞ ጠዋት ከእቶን ሲወጣ ክራውዘር እዚያው ቆሟል። «ይህ የማን ሥራ ነው?» አለ። እኔ አፌን ሳልከፍት አሱንታ «የእኔ ነው ጌታዬ፤ ቅዳሜ ማታ ዳንስ ቤት አምሽቼ ነው» አለች። አሱንታ ዳንስ ቤት ሄዳ አታውቅም። ሳምንቱን ሙሉ ቆማ ቀዳች፤ ሴቶቹ ስለ ዳንሱ ሲቀልዱባት እየሳቀች ቀዳች። እኔ ተቀምጬ ስኒዬን ዘረጋሁላት። ያ ዛሬም ያሳፍረኛል።

አባትሽ በማክሰኞው ያን ወተት ካፈሰሰ በኋላ «ይህን ማን ሠራው?» ብሎ ጠየቀ። አሱንታ «እኔ ነኝ» አለች። እሱም እጇን አየ። ጠረጴዛው ላይ የነበሩትን እጆች በሙሉ አንድ በአንድ አየ። እኔ የእኔን ቀሚሴ ሥር ደበቅሁት።

በሚቀጥለው ማክሰኞ፣ የአሱንታ ሳምንት ካለቀ በኋላ፣ ከሥራ ስንወጣ በር ላይ ጠበቀኝ። እስከ ድልድዩ አብረን ሄድን። ጆጉን ከኮቱ ውስጥ አውጥቶ «እባክዎን ጣትዎን እዚህ ያሳርፉ» አለኝ። አሳረፍኩ። ልክ ገባ። በቃ፣ ድልድዩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ስለ ጣቴም ስለ ሃሮልድም። እሱ ግን የሚያስበው ሌላ ነበር። «ወይዘሮ ብራድሾ፣ እኔ ሁለት ዓመት ይህን ስፈልግ ነበር። ስምዎ መጻፍ አለበት» አለኝ። «ስሜ ከተጻፈ ክራውዘር ያነበዋል። ካነበበው እንጀራዬ ቀረ። ቢወዱኝ ለማንም አይንገሩ» አልኩት። ብዙ ተከራከረኝ። በመጨረሻ ባርኔጣውን አውልቆ ቃል ገባልኝ።

ልብ በይ ልጄ። ከስድስት ሳምንት በኋላ አዲሱ ፎርማ ሲመጣ ስርጉዷ ከፎርማው ጋር ተሠርታለች። ለጣፊዋ ደግሞ እዚያች ቦታ ላይ ጣቷን አስገብታ በደንብ መጫን ነበረባት፤ ትእዛዙ እንዲያ ነበር። እኔ ብቻ ሳልሆን ሁሉም። እኔን ሊያስባርረኝ የነበረው ጥፋት ትክክለኛው አሠራር ሆነ። ከዚያ በኋላ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠራሁ፤ ክራውዘር አንድም ቀን ከኋላዬ አልቆመም። ሃሮልድ በቤቱ፣ በአልጋው ላይ ሞተ። ይህን ሁሉ ያደረገልኝ አባትሽ ነው። አንድ ቀን እንኳ በወጉ አላመሰገንኩትም፤ ካመሰገንኩት ሰው ይሰማል ብዬ እፈራ ነበር።

መጽሐፍሽ ላይ የሰረቀ ሰው ካለ እኔ ነኝ። የአሱንታን ሳምንት ሰረቅሁ፤ አባትሽንም ሠላሳ ዓመት ዝም አሰኘሁት።

ጆጉን ልኬልሻለሁ። የመጀመሪያውን፣ ጎድጉዶ የወጣውን። ድልድዩ ላይ ሰጥቶኝ ነበር። በአሱንታ ሹራብ ጠቅልዬዋለሁ፤ ሳታውቅ ወስጄባት ነው፤ ሹራቡን መልሺልኝ።

ኦፓል


ቺካጎ
ጃንዋሪ 4 ቀን 1988

ውድ እትዬ ኦፓል፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰዎ። ጆጉ በሰላም ደርሷል። ሹራቡም።

ማተሚያ ቤቱን አስቁሜአለሁ። መልስ ሳልጽፍ የቆየሁት ተቀይሜ እንዳይመስልዎ፤ እንዲያ አስበው ከሆነ ይቅር ይበሉኝ። ጆጉን ከፈታሁት በኋላ ለብዙ ቀን ከኩሽናዬ ጠረጴዛ ላይ አላነሳሁትም። ጣቴን አስገባሁበት። ሰፋኝ።

አሁን ያልነገርኩዎን ልንገርዎ።

አባቴ ከመሞቱ አራት ዓመት በፊት እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ እርሳሱን ተወ፤ ንድፍ የለም። ቀጥሎ አዝራሩን መቆለፍ አቃተው። ማንኪያ ሲይዝ ሾርባው ጠረጴዛው ላይ ያልቃል፤ ስለዚህ ሰው ፊት መብላት ተወ። ዓለም ሁሉ በእጁ ሥራ ያወቀው ሰው ጓደኞቹ እንዳይመጡ ስልክ እንኳ አያነሳም ነበር። እኔ ወደ ቤቱ ተመልሼ አብሬው መኖር ጀመርኩ።

በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ራሱ ያደርግ ነበር። ጠዋት ጠዋት በ«ሜዳው» ጆግ ወተት ይቀዳል፤ መጀመሪያ ለእኔ፣ ከዚያ ለራሱ። አውራ ጣቱን ስርጉዷ ውስጥ ያስገባል፤ እጁም ጸጥ ይላል። አንድ ጠብታ አያፈስም። አንድ ቀን ሲዘገይብኝ ቸኩዬ «አባዬ፣ እኔ ልቅዳ» አልኩት። እጄን መለሰውና እንዲህ አለኝ፦

«ተይው። ይህን የሠራችው ሴት እጅ ሲከዳ ምን እንደሚያስፈልግ ታውቃለች።»

«የትኛዋ ሴት?» አልኩት።

«ቃል አለብኝ» አለኝና ወተቴን ሰጠኝ።

ዕድሜው ስለገፋ የሚቀባጥር መስሎኝ ነበር። እስከ ዲሴምበር፣ ደብዳቤዎ እስኪደርሰኝ ድረስ፣ እንደዚያ ነበር የማምነው።

እትዬ ኦፓል፣ በወጉ አላመሰገንኩትም ብለውኛል። አባቴ በሕይወቱ መጨረሻ ክብሩን ጠብቆ ያደረጋት አንዲት ነገር ከእርስዎ ጣት የመጣች ናት። አራት ዓመት ሙሉ፣ በየጠዋቱ። እኔ ከዚህ የበለጠ ምስጋና አላውቅም። የቀረውን ምስጋና የምከፍለው እኔ ነኝ።

ጆጉ አጠገብ የሚለጠፈውን ጽሑፍ እንዲህ አድርጌዋለሁ፦

«ጆግ። ሃዘልፎርድ፣ 1950። ንድፍ፦ ኤይናር ሎፍግሬን። በጆሮው አናት ላይ ያለችው ስርጉድ የኦፓል ብራድሾ ናት።»

አባቴ ድልድዩ ላይ ጠይቆዎት እምቢ ብለውታል። ልጁ እንደገና እየጠየቀችዎ ነው። አሁንም እምቢ ካሉ ስሙ የሚገባበትን ቦታ ባዶ እተወዋለሁ፤ ማንም አይሞላበትም። እስከ 20 ድረስ መልስዎን እጠብቃለሁ።

የእርስዎው፣
ሲግሪድ

በመስታወት ሳጥን ውስጥ የምናስቀምጠው ሌላ ጆግ ነው። የእርስዎን እመልስልዎታለሁ። ሲቀዳበት የኖረ ዕቃ ሳጥን ውስጥ አይገባም።


ሃዘልፎርድ
ሜይ 12 ቀን 1988

ልጄ ሲግሪድ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። በጃንዋሪ በላክሁልሽ ካርድ ላይ «እሺ» ብቻ ብዬ ስለጻፍኩ ይቅርታ። ሁለተኛ ቃል ብጨምር ሐሳቤን እቀይራለሁ ብዬ ስለፈራሁ ያችኑ ጽፌ ወደ ፖስታ ሳጥኑ ሮጥኩ። በጉልበቴ መሮጥ ማለት ምን እንደሆነ ብታይ ትስቂ ነበር።

ስለ ኤግዚቢሽኑ የጻፍሽልኝን ሁሉ አነበብኩ። ለመክፈቻው ባለመምጣቴ ደግሜ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ፤ ሐኪሙ ነው እምቢ ያለው። ሰዉ ከሳጥኑ ፊት ቆሞ በባዶ አየር ላይ አውራ ጣቱን ሲያሳርፍ አየሁ ያልሽውን ለሁሉም አነበብኩላቸው። ሊቁ ሰውዬ መጥተው እጅሽን እንደጨበጡሽም። ጨዋ ሰው ናቸው እንግዲህ፤ ዐሥራ አራቱን ገጽ ይቅር ብያቸዋለሁ።

አሁን የጉዱን ነገር ልንገርሽ።

ጆጉና የጽሑፉ ፎቶግራፍ ማክሰኞ ደረሱኝ። ፎቶውን ይዤ መዘምራኑ ጠረጴዛ ድረስ ሄጄ አሱንታ ፊት አስቀመጥኩት። አምስት ወር ሙሉ «ጨው አቀብዪኝ» ከማለት በቀር አላናገረችኝም ነበር። ማጉያዋን አወጣች። አነበበች። ደግማ አነበበች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«ስለዚህ አምነሻል» አለችኝ።

«አምኛለሁ።»

«በጽሑፍ።»

«ሙዚየም ውስጥ በጽሑፍ፤ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ደንቡን ነዋ» አለች። «ሠላሳ ስምንት ዓመት ዘግይተሻል፤ ደንብ ግን ደንብ ነው። ጆጉን አምጪው። ተነሺ።»

ቆሜ እኮ ነበርኩ። እንደዚያም ሆኖ ተነሺ አለችኝ።

ስለዚህ ከትናንት ረቡዕ ጀምሮ የሳምንቱ ቀጂ እኔ ነኝ። በምሳ ሰዓት አዳራሹ ውስጥ ሃያ ሁለት ሰው አለ፤ ለሃያ ሁለቱም ስኒ ወተት ቆሜ እቀዳለሁ፤ ሁሉም ሳይሞላ አልቀመጥም። ነርሷ «ጉልበትዎን» ብላ ልትከለክለኝ ሞከረች። አሱንታ «የእኔ እመቤት፣ አንቺ ያልተወለድሽበት ነገር ውስጥ አትግቢ» ብላ መለሰቻት። ከዚያ ደግሞ ለአዳራሹ ሁሉ ደንቡን አስረዳች፤ አሁን ሃያ ሁለቱም ምላሳቸው ወጥቷል። አንዱ ሽማግሌ ዛሬ «ኦፓል፣ ቅዳሜ ማታ ዳንስ ቤት አምሽተሽ ነው እንዴ?» አለኝ። ማን እንደነገረው ታውቂያለሽ።

አሱንታን መጨረሻ ላይ ነው የማደርሳት። ወተት ለሆዷ አይስማማትም፤ ከጠጣች ዓመታት አልፈዋል። ትናንት ግን ስኒዋን ዘረጋችልኝ። አውራ ጣቴን አስገብቼ ቀዳሁላት። ጣቴ አሁንም አይሰማኝም፤ ቦታውን ግን ያውቃል። «ትንሽ ጨምሪ» አለች። ጨመርኩላት። ሁሉንም ጠጣችውና ስኒውን አስቀምጣ፣ «እንዲህ ስቀዳልሽ ነበር እኮ» አለችኝ። «አውቃለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ አሱንታ» አልኳት። ይህን ለማለት ሠላሳ ስምንት ዓመት ፈጀብኝ። እሷም «በይ ተቀመጪ፣ ሰው እያየሽ ነው» አለች። ከጎኗ ተቀመጥኩ።

ለአባትሽ መቅዳት አልችልም። ሳምንቱ ግን ገና አላለቀም፤ የመጨረሻው ቀን ማክሰኞ ነው። ባቡሩ ቀርቷል፤ አውቶብስ ግን አለ። አባትሽ ይቀመጥ የነበረው ከአሱንታ በስተግራ ነው፤ ቦታውን ለአንቺ ይዘንልሻል። ስኒሽን ብቻ ይዘሽ ነይ። እኔ ቆሜ እጠብቅሻለሁ።

ኦፓል